ከኮዱ በታች ያለው መስመር

ሶርሳ መጀመሪያ ሌባ ያገኘ መስሎት ነበር።

የሚሠራው ወላይታ ሶዶ ውስጥ ባለ አንድ የርቀት ትምህርት ኮሌጅ ነው። ተማሪዎቹ ከቦዲቲ፣ ከተበላና ከቦምቤ ከተሞች የሚመላለሱ መምህራንና የቢሮ ሠራተኞች ናቸው፤ ውጤታቸውን የሚያዩትና የቤት ሥራቸውን የሚያስገቡት በኢንተርኔት ነው። ችግሩ የይለፍ ቃላቸውን መርሳታቸው ነው። ይረሱና ይደውላሉ፤ ሲቀየርላቸው ደግሞ የተቀየረውን ይረሳሉ። ሶርሳ መላ ዘየደ። የይለፍ ቃል የሚባለውን ነገር ጭራሽ አጠፋና፣ ተማሪው መለያ ቁጥሩን ባስገባ ቁጥር ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ኮድ በኢሜይሉ እንዲላክለት አደረገ። ኮዱ ዐሥር ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ ዋጋ የለውም። ዲኑ አቶ ጌታነህ «አሁን ገና ሰው ሆንን» ብለው ጀርባውን መታ መታ አደረጉት።

በማግስቱ የተላኩትን ኮዶች ሲያይ ግን ዐይኑን ማመን አቃተው። ከግማሽ የሚበልጡት የሄዱት ወደ አንድ አድራሻ ነው። የወንዱም የሴቷም፣ የቦምቤውም የተበላውም ኮድ ዞሮ ዞሮ የሚወድቀው እዚያው ነው። አድራሻው የአንድ ኮፒ ቤት ነው። ኮፒ ቤቱ ደግሞ መናኸሪያው አጠገብ ያለው፣ ሶርሳ ጠዋት ማታ በበሩ የሚያልፈው ነው።

«አንድ ሰው ተማሪዎቻችንን ሁሉ ጠቅልሎ ይዟቸዋል» አለና ጃኬቱን አንጠልጥሎ ወጣ።

ኮፒ ቤቱ ውስጥ ሰው ተሰልፏል። ከማሽኑ ኋላ ቢጫ ሹራብ የለበሰች፣ ጸጉሯ ውስጥ እስክሪብቶ የሰካች ልጅ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሐል አጣብቃ ከኮምፒውተሩ ላይ ታነባለች።

«ሰባት… ሁለት… እንደገና ሁለት… ጋሼ፣ ቶሎ ይጻፉት እንጂ፣ ጊዜው ያልፍብዎታል። አዎ፣ ከዚያ ዘጠኝ።» ያኛውን ሳትጨርስ ሌላው ስልክ ጠራ።

ሶርሳ ቁጣውን አሰናድቶ ነበር የገባው። «ይቅርታ፣ ከኮሌጁ ነው የመጣሁት። ስለ ኮዶቹ ጉዳይ…»

ልጅቷ ቀና አለች። ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አንተ ነህ እንዴ ይህን መከራ የምትልክብኝ?»

እንግዲህ ያ የተሰናዳ ቁጣ የት እንደገባ ሶርሳ ራሱም አያውቅ። ዐይኖቿ ላይ ድካም አለ፤ ከድካሙ ሥር ደግሞ ሊያመልጥ የደረሰ ሳቅ አለ። እሱ ያየው ሳቁን ነው።

«የሰው ኮድ እኮ መያዝ አይቻልም» አለ፣ ድምፁ ግን የከሳሽ አልነበረም።

«እኔ መቼ ያዝኩት? እንደመጣ ነው የምሰጣቸው። ሲመዘገቡ ቅጹ ያለ ኢሜይል አልሞላም አለ። ሰዎቹ ደግሞ ኢሜይል የላቸውም። ከቦምቤ ድረስ የመጣ ሰው ባዶ እጅህን ተመለስ ልበለው? የሱቁን ጻፍኩላቸው። ያኔ ኮድ የሚባል ጣጣ የት ነበር? ትናንት በአንተ ምክንያት ምሳዬን አልበላሁም።»

ወረፋ የያዙ አንዲት ሴትዮ ጣልቃ ገቡ። «እውነቷን ነው ልጄ። ሚርያም ባትኖር እኛን ምን ይውጠን ነበር?»

ስሟ ሚርያም መሆኑን ያወቀው ያኔ ነው።

ሶርሳ ለአቶ ጌታነህ ነገሩን አስረድቶ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ኢሜይል እንደሚያወጣ ቃል ገባ። ለዚህም በየቀኑ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ወደ ኮፒ ቤቱ መሄድ እንደሚያስፈልግ ተናገረ። ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለውን ለእግዚአብሔር እንተወው።

በሄደ በሁለተኛው ቀን ለሚርያም ሥራ አቀለለላት። «እያነበብሽ ለምን ትደክሚያለሽ? መልእክቱን እንዳለ በቴሌግራም አስተላልፊላቸው። ከላይ ስሙን አየት አድርጊና ላኪ፣ አለቀ» አላት። ጣቷ ቶሎ ለመደው። ወረፋው ቀነሰ፣ ምሳዋንም መብላት ጀመረች። ከምሳ ዕቃዋ የተቀቀለ ቦዬ፣ ያን የወላይታ ሥራ ሥር፣ አውጥታ ለሁለት ከፈለችና ዳታ የሚባለውን የሚያቃጥል የቃሪያ ማባያ ቀብታ ሰጠችው።

«ከቦዲቲ አንድ መምህር ያመጡልኝ ነው። ኮድ ስለምልክላቸው ባዶ እጃቸውን አይመጡም» አለችው።

ዳታው አቃጠለውና ዐይኑ እንባ አቀረረ። ሚርያም ከወንበሯ እስክትወድቅ ሳቀች። ሶርሳ ዳታ ሲበላ ያደገ የሶዶ ልጅ ነው፤ እንባው የዳታው ብቻ እንዳልነበር እሱ ያውቃል።

ከዚያ በኋላ ያለው ግራ መጋባት ነው። ወንበር ትስበለታለች፤ ግን ለሁሉም ትስባለች። ትስቅለታለች፤ ግን ከሁሉም ጋር ትስቃለች። ከምሳዋ የምታካፍለው እሱን ብቻ ነው፤ ግን በምሳ ሰዓት የሚመጣውስ እሱ ብቻ አይደል? ይህን ሲያወጣና ሲያወርድ ቤቱ ይደርሳል። የመናገር ነገር ደግሞ አልተሰጠውም። እናቱ «ዝም አይነቅዝም» እያሉ ነው ያሳደጉት፤ እሱም ዝም እንዳለ አደገ።

አንድ ቀን ማሽኑ ላይ ቀለም እየሞላች ጠየቀችው።

«እንዲህ ዝም ስትል ምን እያሰብክ ነው?»

«ስለ ሰርቨሩ።»

«ሰርቨሩ ታድሎ» አለችና ፊቷን ወደ ማሽኑ መለሰች።

ሶርሳ ይህችን «ታድሎ» ይዞ ሄደ። ምን ማለቷ ነው? ቀልድ ነው? ቅሬታ ነው? ወይስ እንዲያው ሰው እንደሚለው ያለችው ነው? ሳምንቱን ሙሉ አገላብጦ ምንም አላገኘባትም።

በመጨረሻ አፉ እምቢ ያለውን በጣቱ ሞከረው። ቀኑን ሙሉ ከዐይኗ የማይጠፋ አንድ ነገር ቢኖር እሱ የሚልከው የኮድ መልእክት ነው። ስለዚህ ወደ ኮፒ ቤቱ አድራሻ በሚሄደው መልእክት ላይ ብቻ፣ ከኮዱ በታች፣ «ይህን ኮድ ለማንም አይስጡ» ከሚለው ማስጠንቀቂያ ቀጥሎ አንዲት መስመር ጨመረ። «የዛሬው ሳቅ እስከ ቤት ድረስ ተከተለኝ» ትላለች።

በማግስቱ ወደ ኮፒ ቤቱ ሄደ። ሚርያም እንደ ሁልጊዜው ወንበር ሳበችለት፣ እንደ ሁልጊዜው ፈገግ አለች። ስለ መስመሯ ቃል አልተነፈሰችም። አፍራ ይሆናል ብሎ መስመሯን ቀየራት፤ «ቦዬውን የሰጠኝ እጅ ይባረክ» ብሎ ጻፈ። አሁንም ዝም። እንግዲህ ዝም ካለች አልጠላችውም ማለት ነው፤ ብትጠላው ተው ትለው ነበር። እንዲህ ብሎ ራሱን አሳመነና የመጨረሻዋን ጻፈ፦ «ሐሙስ ከሥራ መልስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ጁስ ቤት ብንገናኝስ? እጠብቃለሁ።»

ሐሙስ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ ቀድሞ ደረሰ። በሩን የሚያይበት ቦታ ተቀምጦ አቮካዶ ጁስ አዘዘ። ቤቱ ሞልቷል። ትንሽ ቆይቶ ግራጫ ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ጸጉራቸውን ገና የተስተካከሉ አንድ ጎልማሳ ገብተው ቦታ ፈለጉ፣ አጡ።

«ሳሮ፣ ልጄ» ብለው በወላይትኛ ሰላም አሉት። «ሰው እስኪመጣልኝ እዚህ ብቀመጥ ይቻላል?»

«ይቀመጡ ጋሼ፣ እኔም ሰው እየጠበቅኩ ነው።»

ደገፉ እባላለሁ አሉ። ቦዲቲ የባዮሎጂ መምህር ናቸው፤ በርቀት ትምህርት ዲግሪያቸውን እያሻሻሉ ነው። እጃቸውን አንዴ ጉልበታቸው ላይ፣ አንዴ ጠረጴዛው ላይ ያደርጋሉ። ሰው ፈርቶ ሲመጣ እንደዚያ ነው፤ ሶርሳም ሲያያቸው ራሱን ያየ መሰለውና ወደዳቸው።

«እንዲያው ላዋይህ» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ከቤት ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ቤት ነበርኩ። ደግሞ በዚህ ዕድሜ ማን ያየኛል አልኩ። እዚህ አንዲት ጨዋ ልጅ አለች፤ ለትምህርቴ ታግዘኛለች። ቦዬ አመጣሁላት። ቆይታ ምን ብትልክልኝ ጥሩ ነው?»

ስልካቸውን አውጥተው አሳዩት። ከላይ ሚርያም ኮፒ ቤት ይላል። ቀጥሎ የአቶ ደገፉ ስም፣ ቀጥሎ ኮዱ፣ ቀጥሎ ለማንም አይስጡ የሚለው። ከሥሩ፦ «ቦዬውን የሰጠኝ እጅ ይባረክ።» ጣታቸውን ወደ ታች ሲያንሸራትቱ ደግሞ የዛሬዋ ቀጠሮ መጣች።

ሶርሳ የገዛ ቃሉን በሰው ስልክ ላይ አነበበ። መልእክቱን እንዳለ አስተላልፊላቸው ብሎ ያስተማራት ማን ነበር? እሱው ራሱ። በራሱ እጅ።

«ምነው፣ አመመህ እንዴ?» አሉ አቶ ደገፉ።

«ጁሱ ቀዝቅዞ ነው።»

ጠበቁ። ሚርያም አልመጣችም። መሸትሸት ሲል አቶ ደገፉ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አፍራ ነው። እውነቷንም ነው፤ ጨዋ ልጅ ጁስ ቤት አትመጣም። ወጉ ሽማግሌ መላክ ነው። አንተ ወጣት ነህ፣ እስቲ ምከረኝ፤ ልላክ?»

መናገር የነበረበት አሁን ነበር። ጋሼ፣ ያቺን የጻፍኳት እኔ ነኝ ቢላቸው ነገሩ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ባለቀ። አፉንም ከፍቶ ነበር። ግን የሰውየው ፊት ላይ ያለውን ደስታ ሲያይ አንደበቱ ተሳሰረ።

«ጥሩ ነው» አለ። «ሽማግሌ ጥሩ ነው።»

አቶ ደገፉ የሁለቱንም ሂሳብ ከፍለው፣ መርቀውት ሄዱ።

ሶርሳ መስመሯን በዚያው ምሽት አጠፋት። ልቡ ውስጥ ያለውን ግን የሚያጠፋበት መላ አልነበረውም። አንዴ ሚርያም መልእክቱን አላየችውም ይላል። አንዴ ደግሞ አይታው፣ ገብቷት፣ አውቃ ነው ለእሳቸው ያስተላለፈችው ይላል። ቦዬውንስ በፈገግታ አይደል የተቀበለችው? እንዲህ እንዲህ እያለ በራሱ ቃል በሰው ቀና። ኮፒ ቤት መሄዱንም ተወ። ጠዋት ጠዋት በበሯ እንዳያልፍ በሌላ መንገድ ባጃጅ እየተሳፈረ ይሄድ ጀመር።

ሰኞ ሚርያም ራሷ መጣች። ኮሌጁን ረግጣ አታውቅም ነበር። ቢሮው በር ላይ ቆመች፤ ቢጫው ሹራብ የለም፣ ሳቁም የለም።

«ትናንት ከአምልኮ ስንመለስ ቤታችን ሽማግሌ መጣ» አለችው። «የአንተ ዲን አቶ ጌታነህ አንዱ ናቸው። ከመምህር ደገፉ ጋር ድሮ አብረው አስተምረዋል። ልጃችሁ ፍላጎቷን ራሷ በጽሑፍ ገልጻለች ብለው ስልክ አውጥተው ለአባቴ አነበቡለት። አባቴ ቀና ብሎ ማየት አቃተው።»

«ሚርያም…»

«ቆይ፣ ልጨርስ። ለካ ሁሉም ጋ ሄዷል። አንዱ ጁስ ቤቱ ቅናሽ አለው ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ ማስታወቂያ መስሎት ነው። እኔ ምን እንደሚያወራ አልገባኝም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከቦምቤ አንዲት ሴት ለባሌ ምን ብለሽ ነው የላክሽለት ብላ ሱቄ ድረስ መጣች፤ ሰው ፊት ነው የሰደበችኝ። አባቴ ሱቁን ዝጊ ብሏል። ጽፈሽ ከሆነ ታገቢዋለሽ፣ የሐዘንተኛ ልብ መጫወቻ አይደለም አለኝ። እኔ ግን አልጻፍኩም። በእግዚአብሔር ስም፣ አንድ ፊደል አልጻፍኩም። የሚላከው ከአንተ ዘንድ ነው፤ አንተ ታውቃለህ። ማን ነው የጻፈው?»

ከማንም በፊት ወደ እሱ ነው የመጣችው። ሶርሳን የገደለው ይህ ነው።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምን?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። ለአንቺ ነው። ታነቢዋለሽ ብዬ።»

ሚርያም ባዶውን ወንበር ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ታች ያለውን እኮ አላነብም» አለች በመጨረሻ። «ታች ሁልጊዜ ለማንም አይስጡ ነው የሚለው። እሱን እያነበብኩ እንዴት ብዬ ለሰው እሰጣለሁ? በየቀኑ እፊቴ ትቀመጥ ነበር እኮ። አፍ አልነበረህም?»

«ፈራሁ።»

«እኔስ? ዛሬስ ይናገራል፣ ዛሬስ ይናገራል እያልኩ ሱቁን አምሽቼ ነበር የምዘጋው። አባቴ ሲቆጣኝ ሥራ በዝቶ ነው እያልኩ እዋሽ ነበር።»

ሶርሳ በአንድ ጊዜ የሚደሰትበትም የሚያለቅስበትም ነገር ሰማ፤ የትኛውን እንደሚያስቀድም ግራ ገባው። እጁን ዘረጋ። እሷ ተነሣች።

«አትንካኝ። እሁድ ለመልስ ተመልሰው ይመጣሉ። የምትለው ካለህ እዚያ፣ አባቴ ፊት በል። ከሌለህ ደጄ እንዳትደርስ።»

አባቷ ፊት ማለት አቶ ጌታነህም ፊት ማለት ነው። የኮሌጁን መልእክት ለግል ጉዳዩ የተጠቀመ ሠራተኛ ምን እንደሚጠብቀው ሶርሳ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ደንቡን ያረቀቀው እሱ ነው።

ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሮ ቦዲቲ ወረደ። አቶ ደገፉ ግቢያቸው ውስጥ እንሰት ሥር ተቀምጠው ፈተና ያርማሉ። ሲያዩት ፊታቸው በራ። ያ ፊት እንዲህ ሲበራ ማየት ለሶርሳ ከስድብ የባሰ ነበር። ቆሞ ሁሉንም ነገራቸው፤ አንድም አላስቀረ።

አቶ ደገፉ እስክሪብቶውን ከደኑት።

«ቦዬውን የበላኸው አንተ ነህ?»

«ግማሹን።»

«ግማሹን» አሉ። ለረጅም ጊዜ ወደ እንሰቱ አዩ። «ጁስ ቤት የጠየቅኩህ ጊዜ ብትነግረኝ ኖሮ ስቀን እንለያይ ነበር። አሁን መንደሩ ሁሉ ያውቃል።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። ሽማግሌዎቹን ቢያስቀሯቸው…»

«ካስቀረሁማ ልጅቷ ጻፈችለት፣ እሱ ግን ተዋት ነው የሚባለው። የሷ ስም ይቆሽሻል፣ ያንተ ይተርፋል። አይሆንም። ሽማግሌዎቼ ይሄዳሉ፣ አንተም ትሄዳለህ። እዚያ ሁሉም ከአንተ አፍ ይስማ።» ፈተናቸውን መልሰው አነሡ። «በል ሂድ፣ መኪና እንዳያመልጥህ።»

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሶርሳ የአቶ ሻንቆ ቤት በር ላይ ቆመ። አቶ ሻንቆ የሚርያም አባት ናቸው፤ አናጢ ናቸው፣ በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያንም ያገለግላሉ፤ በሰፈሩ ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቹ ቀድመው ገብተው ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠዋል። እናቷ ወይዘሮ ዓመለወርቅ ጓዳው በር ላይ ቆመዋል፣ ሚርያም ከእሳቸው ኋላ ናት።

«ሶርሳ?» አሉ አቶ ጌታነህ። «የሥራ ጉዳይ ከሆነ ነገ…»

«የሥራ አይደለም ጋሼ። ወይም የሥራም ነው።»

አቶ ሻንቆ እንግዳውን አዩት። ግባ አሉት፣ ተቀመጥ ግን አላሉትም። ሶርሳም መሐል ቤቱ ላይ እንደቆመ ጀመረ። መስመሩን የጻፈው እሱ መሆኑን፣ ለሚርያም ብሎ እንደሆነ፣ ሚርያም ሳታነበው ለሰዎቹ እንዳስተላለፈችው፣ እንዲህ እንድታስተላልፍ ያስተማራትም እሱ መሆኑን ተናገረ። ለአቶ ደገፉ ሄዶ መንገሩንም አልደበቀም።

«ልጅዎ ለማንም ምንም አልጻፈችም» አለ። «ነውሩ የኔ ነው።»

አቶ ጌታነህ ፊታቸው ተለወጠ። «በኮሌጁ መልእክት ላይ? ሰው አምኖን በሚከፍተው ነገር ላይ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ሥራህን እንደምታጣ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

ከቦዲቲ የመጡት ትልቁ ሽማግሌ በወላይትኛ የሆነ ነገር አጉረመረሙ። አቶ ሻንቆ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል» አሉ። «ሥሩን ሰማን። ሚርያም፣ ነይ ወዲህ። ለሽማግሌዎቹ መልሱ የአንቺ ነው። ምን ትያለሽ?»

ሚርያም ወጣች። ሶርሳን አላየችውም።

«ለመምህር ደገፉ ይቅርታ ንገሩልኝ። እሳቸው ምንም አላጠፉም፣ እኔም አላጠፋሁም። ላገባቸው ግን አልችልም» አለች። ከዚያ ትንሽ ቆማ ጨመረች፦ «ለዚህኛው ደግሞ መልስ የለኝም። እስካሁን አፉን ከፍቶ ምንም አልጠየቀኝም።»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ሶርሳ ደሙ ወደ ፊቱ ሲመጣ ተሰማው። እዚህ፣ ሰው ሁሉ ባለበት? ሽማግሌ ሳይልክ፣ ሥራ ሳይኖረው? ግን ዝም ብሎ የት እንደደረሰ አይቷል።

«እወድሻለሁ» አላት። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እወድሻለሁ። ከነገ ጀምሮ ሥራ የለኝም፣ ዛሬም ሽማግሌ ይዤ አልመጣሁም። ግን እንድታገቢኝ እፈልጋለሁ። ሌላ የማውቀው ነገር የለም።»

«ጉድ ፈላ» አሉ ወይዘሮ ዓመለወርቅ ቀስ ብለው።

«እኛ ዘንድ» አሉ አቶ ሻንቆ፣ «ልጅ ራሱ መጥቶ፣ ቆሞ አይጠይቅም።»

«ይቅርታ አባቴ» አለ ሶርሳ።

ሚርያም ዞራ ወደ ጓዳ ገባች። መጋረጃው ከኋላዋ ተመለሰ። ሶርሳ አለቀ አለ በልቡ። ተናግሮም አለቀ፣ ሳይናገርም አልቆ ነበር። የቀረው ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶ መውጣት ነው። ወደ በሩ ሊዞር እግሩን አነሣ።

መጋረጃው ተከፈተ። ሚርያም በርጩማ ይዛ ነው የመጣችው። ማንንም ሳታይ፣ ምንም ሳትናገር በሽማግሌዎቹ መሐል አልፋ ከሶርሳ ኋላ አስቀመጠችው። ከዚያ ሄዳ ከእናቷ አጠገብ ቆመች፤ አሁን ግን ከኋላቸው ሳይሆን ከጎናቸው ነው።

ሁሉም አቶ ሻንቆን አዩ። አቶ ሻንቆ በርጩማውን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ፤ እንደገና በርጩማውን አዩ።

«በዚህ ቤት ማን እንደሚቀመጥ የምናገረው እኔ ነበርኩ» አሉ።

ከዚያ በእጃቸው በርጩማውን አመለከቱ።

«እንግዲያው ተቀመጥ» አሉት። «እግርህ እኮ እየተንቀጠቀጠ ነው።»

ሶርሳ ተቀመጠ።